ጉራቻ ከተነሳ ሰው መጥቷል

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማላይህ ግን ለማልረሳህ ልጄ ለነብዩ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ የዝናብ አገርህስ እንዴት ይዞሃል? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጆሮዬማ ጭራሽ ጥሎኝ ሄዷል። ባለፈው በስልክ «እሺ፣ እሺ» ያልኩህ አንድም ቃል ሳልሰማ ነበር። የጎረቤታችን የድርቤ ልጅ ሊሊሴ ናት ኋላ ጆሮዬ ላይ ጮሃ «እትዬ፣ ነብዩ እኮ አሞኛል ነው ያለው፤ አንቺ እሺ ትይዋለሽ» ያለችኝ። አፈርኩ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁንልን። እኔ ስጽፍ ሊሊሴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፣ አንተም ጽፈህ ፎቶውን ላክ። ብቻ ፊደልህን አተልቀው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጉራቻ ታሟል። ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይበቃውም። ያንኑ ያህል ደግሞ ይሸናል። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ እናትህ ክፍል በር ላይ አምልጦት አንገቱን ደፍቶ ቆሞ አገኘሁት። አልተቆጣሁትም፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔን አላየም። ከስቷል፣ አፉም ይሸታል። ያ ከሰል የመሰለ ፊቱ ሸብቶ አሁን ካልነገሩት ለምን ጉራቻ፣ ጥቁር፣ እንደተባለ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከብት ሐኪሙ ዶክተር ኤባ ጋ ወሰድነው። ወረፋ የያዙት ሁሉ ላምና በሬ ናቸው። ከኡኬ ጥጃ በአይሱዙ ጭነው የመጡ አንድ ሰውዬ እኔን እያዩ ሲስቁ ነበር፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ሊሊሴም ልትነግረኝ አልፈለገችም። ዶክተሩ ደሙን አስመርምሮ ኩላሊቱ ደክሟል አለን። ይድናል ወይ ብዬ ስጠይቀው ወረቀት ላይ «አይድንም፤ በእንክብካቤ ግን ይቆያል» ብሎ ጻፈልኝ።

እንግዲህ ታውቃለህ፣ የእኔ በር የሚንኳኳው ለእሱ ነው። ጉራቻ ከተነሳ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ጭራውን ከቆላ ዘመድ፣ ጸጉሩ ከቆመ እንግዳ። እናትህ ካረፈች ወዲህ የምሰማው በእሱ ነው።

ገንዘብ ላክ አላልኩህም። እንድታውቀው ብዬ ነው።

በአክስት ልጅነት ለእናትህ፣ በማሳደግ ለአንተ የምዛመድህ
ሸዋጌጥ


በርገን
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሸዋጌጥ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ቤትዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። ይኸው ፊደሌን አተለቅኩት።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሥራ ላይ፣ አውቶቡሱን ፌርማታ አቁሜ ነው። ጉራቻን እናቴ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ በዘንቢል ይዛው ስትመጣ አስታወስኩ። እኔ ስወጣ እስከ መናኸሪያ ተከትሎኝ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ አሁን ተስተካክሏል። ዓመት ፈቃዴ ሰኔ ላይ ነው፣ ያኔ እመጣለሁ። ለእናቴ አልደረስኩላትም፤ ለእሱ ግን ልድረስለት። እባክዎ እስከ ሰኔ ያቆዩልኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ ጽፌልዎ አላውቅም። እናቴ መሞቷን የሰማሁት አውቶቡስ እየነዳሁ ነው። ገለታ የሚባል የነቀምቴ፣ የባኬ ጃማ ሰፈር ልጅ እዚህ አለ። አንድ ቀን አውቶቡሴ ላይ ሲወጣ አየኝና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «የእናትህን ነፍስ ይማር፤ እንዴት ከረምክ?» አለኝ። የተነገረኝ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያየው እሱም ገባው። ከኋላ አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ ልታወርድ ደወል ተጭናለች። በሩን ከፈትኩላት፣ ዘጋሁት፣ ነዳሁ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ እየነዳሁ ነው የሄድኩት። ገለታም ከኋላዬ ቆሞ እያለቀሰ አብሮኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለንም፤ እሱ ያፍራል፣ እኔም እሱን ሳይ ያ መንገድ ይመጣብኛል።

በዚያው ሳምንት የደረሰኝ የእርስዎ ደብዳቤ «እናትህ ሰላም ትልሃለች» ይል ነበር።

ልወቅስዎ አይደለም። ግን የጉራቻን አይደብቁኝ። ቀኑ ከደረሰ ይንገሩኝ። ቃል ይግቡልኝ።

ልጅዎ ነብዩ


ነቀምቴ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነብዩ፤

እመቤቴ ከክፉ ነገር ትሰውርህ። ደብዳቤህን ሊሊሴ ስልክ ላይ ደጋግሜ አነበብኩት። የአውቶቡሱን ነገር አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላኸው።

ነገር ግን አጥፍቻለሁ አልልህም። መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ በስልክም አይነገርም። ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ የሚያውቁት ሰዎች ገብተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውት ነው። አንተ ዘንድ ማንን ልላክ? መንጃ ፈቃዱን ይፈተን አልን፣ ሥራውን ይልመድ አልን፣ እዚያ ሰው ይገኝ አልን። ብቻህን ክፍልህ ውስጥ ወረቀት ይዘህ ወለል ላይ ስትወድቅ እየታየኝ እንዴት ብዬ ልጻፍ? ሰው አልነበረኝም፣ ነብዬ። ነገሩ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ያ ገለታ የማን ልጅ ነው? የቡና ነጋዴው የአቶ ቀጀላ ልጅ ከሆነ አባቱን አውቃቸዋለሁ፤ ደህና ሰው ናቸው።

የጉራቻን ግን አልደብቅህም። ቃሌ ነው።

ዶክተር ኤባ እየመጣ ከቆዳው ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። ላስቲኩን የምንሰቅለው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያያል። ድርቤ መጥታ ጆሮዬ ላይ «እኔ ባለፈው ታይፎይድ ሲይዘኝ ገመድ ላይ የሰቀለልኝ የለም» ብላ ጮኸች። ሳቅን። ጉራቻ ብቻ አልሳቀም፤ መርፌው እስኪወጣ ቀሚሴን በጥርሱ ይዞ ይቆያል። አይነክስም፣ ዝም ብሎ ይዞ ይቆያል።

ሥጋ፣ አጥንትና ጨው ተከልክሏል። የተፈቀደለት ሩዝ፣ ድንችና ዱባ ነው። ሳቀርብለት ሳህኑን ያይና እኔን ያያል፣ ምን በደልኩሽ እንደሚል። ከእሱ ይልቅ ያስቸገረኝ የድርቤ አጥር ነው። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ጾም የላቸውም፣ የቤታቸው አጥንት ደግሞ ከድሮም መውረጃው ወደኛ ግቢ ነው። ድርቤን እንዴት ብዬ ተይ ልበላት እያልኩ ስጨነቅ ራሷ መጥታ «የሃዳ ነብዩን ውሻ እኔ አልገድልም» አለችኝ። እናትህን ዛሬም የምትጠራት እንደዚያው ነው፣ የነብዩ እናት እያለች።

ሸዋጌጥ


በርገን
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋጌጥ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እኔ እዚህ ስጾም ስገድፍ አለሁ፤ ለቄስ ገብረክርስቶስ አይንገሩብኝ።

«ሰው አልነበረኝም» ያሉኝን ብዙ አሰብኩበት። ገባኝ ለማለት ያህል ነው። ገለታ አዎ፣ የአቶ ቀጀላ ልጅ ነው።

እዚህ አገር ለውሻ ኩላሊት የሚሆን ምግብ በከረጢት ይሸጣል። ገዛሁና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጌ ወሰድኩለት። ሻንጣውን ከፍቶ አሳየኝ፤ የሰው አደራ ሞልቶበታል። «ለሰው ሲሆን አሸጋሽጋለሁ፣ ለውሻ ግን ይቅርታ» አለኝ። ከረጢቱ እዚህ ከአልጋዬ ሥር ነው።

የአውሮፕላን ትኬቴን ቆርጫለሁ። ሰኔ 10 ነቀምቴ እገባለሁ። እናቴ ሣጥን ውስጥ የተውኩት ቡናማ ሹራብ ካለ ለጉራቻ ያንጥፉለት። ሽታዬን እንዳይረሳው ፈራሁ።

ነብዩ


ነቀምቴ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነብዩ፤

ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ቅር እንዳይልህ።

ጉራቻ በርትቷል። ሹራብህን አይጥ ቀድማኝ አግኝታዋለች፣ ግን አንድ እጅጌውና ደረቱ ደህና ነበር፣ እሱን አነጠፍኩለት። አሽትቶ አሽትቶ አገጩን ጫነበት። አሁን የሚተኛው እዚያው ላይ ነው።

ደግሞ ልንገርህ፣ ይሄ ውሻ ይጾማል። ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ሩዙን አስቀምጬለት ቅዳሴ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት ስመለስ ሳይነካው በር ላይ ይጠብቀኛል። እኔ እንጀራዬን ስቆርስ እሱ ሳህኑ ላይ ያጎነብሳል። እኔ ካልበላሁ አይበላም። ቄስ ገብረክርስቶስ ሊጠይቁኝ መጥተው አይተው ከግማሹ ምእመን ይሻላል አሉ። ዶክተር ኤባ ደግሞ ሥጋ ያልገባበት ቤት ስለሆነ ነው የተሻለው ብሎ ጻፈልኝ። እሱም ሐኪም ነው፣ እንደዚያ ይበል።

ባለፈው ሐሙስ በሩ ላይ ሰው ሲመጣ ተነሳ። እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ተነሳ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ሰውዬውን እንደ ዘመድ አስገብቼ ሻይ አጠጣሁት፣ ግራ ገብቶት ሄደ።

በዚህ ከቀጠለ ሰኔን ያያል።

ሸዋጌጥ


በርገን
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋጌጥ፤

ለሆሳዕናው ዋዜማ እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎም። የቆጣሪ አንባቢውን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁላቸው። ያን ቀን ጮክ ብዬ እያፏጨሁ ነው የነዳሁት።

ፋሲካ ሲደርስ ለእኔ የሚቀመጥልኝ ድርሻ አለ አይደል? ዘንድሮ እሱን ለጉራቻ ይስጡልኝ። ከጾመ መፍታት አለበት። አንዲት ጉርሻ አትገድለውም። የነብዩ ናት ብለው ያጉርሱት።

ሰኔ ደርሷል፣ እትዬ። ሻንጣዬን ካሁኑ አውርጄዋለሁ።

ነብዩ


በርገን
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋጌጥ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም። ኔትወርኩ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነበር፤ ግን የላኩትን መልእክት ሊሊሴ እንዳየችው ስልኬ ያሳየኛል። እርስዎ አሞዎት ነው? አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃኛል።

ነብዩ


ነቀምቴ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነብዩ፤

አምላከ እስራኤል ባለህበት ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አላመመኝም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፣ ጓሮ በቆሎው ወጥቷል። ሊሊሴ ለፈተና እያጠናች ስለሆነ ስልኳን ማስቸገር ከብዶኝ ነው የዘገየሁት።

ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። የምትኖርበት ሰፈር ስሙ ማን ይባላል? የቤትህ ቁጥርስ? በሳምንት ውስጥ ሥራ የማትገባው የትኛው ቀን ነው? ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳለህ? ያ የአቶ ቀጀላ ልጅ አሁንም እዚያው ከተማ ነው? ሚስት አለችው?

ቁርስህን ሳትበላ አትውጣ።

ሸዋጌጥ


በርገን
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋጌጥ፤

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በሙሉ አነበብኩት፣ ፎቶውን አጉልቼም ፈለግሁ። የጉራቻ ስም የለበትም።

አድራሻዬን ከታች ጽፌዋለሁ። ከፊታችን ካለው ሳምንት ቀጥሎ ባለው እሑድ ሥራ የለኝም። ገለታ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ኬኔ ትባላለች።

ሌላ አልጠይቅዎም።

ነብዩ


በርገን
እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋጌጥ፤

ዛሬ ማለዳ በሬ ተንኳኳ።

ከትናንት ማታ ጀምሮ ቤቴን ጠርጌ፣ ያለኝን ወንበር ሁሉ አውጥቼ ነበር። ለምን እንደማደርገው ለራሴም አልነገርኩትም። ስከፍት ገለታ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ኬኔ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦና ፔርሙስ ይዛለች። ከኋላቸው ሁለት የነቀምቴ ልጆች አሉ፤ አንዱን ጭራሽ አላውቀውም። ገለታ እጄን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና በአንድ ጎኔ ተቀመጠ፣ ያ የማላውቀው በሌላው ጎኔ። ከዚያ «ነብዩ፣ ዛሬ የምትነዳው ነገር የለም» አለኝ።

እውነት ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ሳቅ አምልጦኝ ነበር። ለውሻ አራት ሰው ለመርዶ መጣ ብዬ። ገለታ አልሳቀም። እርስዎ ባኬ ጃማ ድረስ ሄደው አባቱን እንደለመኑ፣ አባቱም ደውለው «ልጄ፣ ያኔ ያበላሸኸውን ሂድና አስተካክል» እንዳሉት ነገረኝ። ከዚያ ጉራቻ ማረፉን፣ እናቴ በር ሥር፣ አቮካዶው አጠገብ መቀበሩን፣ ሹራቤ አብሮት መግባቱን ነገረኝ። በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው።

የሆነውን አላውቅም። «እናቴ» ብዬ ስጮህ ራሴን ሰማሁት። በዚያ አውቶቡስ ላይ ያልጮህኩት ነው መሰለኝ። ኬኔ ራሴን ይዛ አብራኝ አለቀሰች፤ እናቴን አይታት አታውቅም። ገለታ «ጀባዹ፣ በርታ» እያለ ራሱ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ አልሄዱም። ሲመሽ ገለታ ጫማውን እያሰረ «ነገ በአንተ አውቶቡስ ነው የምሄደው» አለኝ። እሺ አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ገለታን ጠይቄው «እሳቸውን ጠይቅ» አለኝ። ለፋሲካ የላክሁለትን ጉርሻ ጉራቻ በልቶት ነበር? እሱ ነው የገደለው? ቃል ገብተውልኛል፤ እውነቱን ይንገሩኝ።

ነብዩ


ነቀምቴ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነብዩ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ። የቀረብህን ለቅሶ አለቀስክ፤ እኔም እዚህ እንደ አዲስ አለቀስኩ። ገለታንና ባለቤቱን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። አቶ ቀጀላም ያልከውን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዘግይተሽ ነገርሽኝ እንደምትል አውቃለሁ። አልደበቅሁህም፤ ሰው እስክሰበስብልህ ነው የቆየሁት። ዘንድሮ የምልከው ሰው ነበረኝ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። በልቷል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ድርቤ የበግ ሥጋ በሳህን ይዛ መጣች። ሁዳዴን ሙሉ በአጥር አንዲት አጥንት ሳትጥል ከርማ፣ በዓል ነው ብላ ለእሱ ለብቻው ያለ ጨው ቀቅላ ነው ያመጣችው። ጉራቻ ሽታው ሲደርሰው ተነሳና እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። «ይሄ የነብዩ ነው» ብዬ አጎረስኩት። ስምህን ሲሰማ ጭራውን ቆላ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲያደርግ አላየሁትም። አንዲት ጉርሻ ብለህ ነበር፤ እኔ ደገምኩለት፣ ሠለስኩለትም። አብሮኝ ጾሞ እንዴት ብቻዬን ልፍታ? አጥንቱንም ከእጄ ወሰደ፣ አልከለከልኩትም። ጣቴን ሁሉ ላሰኝ።

በማግስቱ አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ እምቢ አለ። ዶክተር ኤባ መጥቶ ሲያየው ቆየና «ሥጋው ቀኑን አሳጥሮት ይሆናል፤ ያለ ሥጋውም ግን ሰኔን አይደርስም ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። ብነግርህ ልታጽናናኝ ነው ትላለህ ብዬ ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። ስትመጣ በገዛ ዓይንህ ታነበዋለህ። ያንተ አንዲት ጉርሻ ናት፣ የቀረው የእኔ እጅ ነው። እኔ ሲመሽና ሲነጋ አስበዋለሁ፣ አንተ ግን ተወው። ያረፈው ሹራብህ ላይ ነው፣ ቀሚሴን በጥርሱ ይዞ። ቀስ ብዬ ነው ያላቀቅሁት።

ቤቱ ጭር ብሏል፤ ለደንቆሮም ቤት ጭር ይላል። ትናንት ድርቤ ስታንኳኳ ቆይታ ሲያቅታት ሊሊሴን በአጥር አሻገረቻት። ድንገት ከኋላዬ ቆማ ሳያት በድንጋጤ የያዝኩትን ብርጭቆ ጣልኩት። ሌላ ውሻ እናምጣልሽ ይሉኛል። አሁን አልፈልግም።

ትኬቱ ተቃጥሎ ይቅር እንዳትል። ሰኔ 10 የምትደርስበትን ሰዓት ለሊሊሴ ጻፍላት። በሩን ከፍቼ፣ ወንበሬን እሱ ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ አድርጌ ከጠዋት ጀምሮ እቀመጣለሁ። እንግዲህ የምነሳልህ እኔ ነኝ።

ሸዋጌጥ